ኬው የማይሰማባቸው አሥራ ሁለት ቃላት

ቀን 9፣ ማክሰኞ

ዛሬ አባባን ከሆስፒታል አወጣነው። አወጣሁት ማለቴ ነው፤ ወንድሜ ያወጣው በስልክ ነው።

ቀን የምቆጥረው ስትሮክ ከመታው ሰኞ ጀምሮ ነው። የንግግር ሐኪሟ “ዘጠናውን ቀን አጥብቃችሁ ያዙት” ብላኛለች። በዘጠና ቀን ውስጥ ያልተመለሰ ንግግር ከዚያ ወዲያ የሚመለሰው በጭንቅ ነው አለች። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙለትም። አፉ አንድ ቃል አያወጣም። የሚባለውን ግን ሁሉ ይሰማል፣ ሁሉም ይገባዋል። ግራ እጁ ደህና ነው።

ሳሎን ውስጥ ከመስኮቱ ሥር አልጋ ዘረጋሁለት። ከዚያ ሆኖ የውጪው በር፣ የወጥ ቤቱ በርና የእኔ መኝታ ቤት በር ይታዩታል። ድሮም ወንበሩ በሮቹን ሁሉ የሚያይበት ቦታ ነበር።

ሐኪሟ የሥዕል ሰሌዳ ሰጥታኛለች። ብርጭቆ፣ ሽንት ቤት፣ ትራስ፣ ብርድ ልብስ፣ የሚያለቅስ ፊት፣ የሚስቅ ፊት አለበት። የፈለገውን በጣቱ እየጠቆመ እንዲነግረኝ ነው። “የሚወዱትንም ነገር ተጠቀሚ” አለችኝ፤ “አእምሮ የሚወደውን ቶሎ አይረሳም።” አባባ ምን እንደሚወድ ታክሲ ውስጥ ሙሉውን መንገድ ሳስብ መጣሁ።

እዚህ ደብተር ላይ “እሱ” እለዋለሁ። በአፌ እንደ ድሮው “እርስዎ” ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ እንኳ ልድፈር።

ቀን 11፣ ሐሙስ

አንሶላ ሁለት ጊዜ። ሾርባ ግማሽ ሳህን። ሥራ ሃያ አምስት ደቂቃ አረፈድኩ። ሚሊሜትር ሰዓቱን አየ። አለቃዬ ነው፤ ማኅተምና ታፔላ የምንሠራበት ቤት ባለቤት። ማስመሪያ ከኪሱ ስለማይለየው ነው ስሙ።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ቀን ቀን ልትጠብቅልኝ ተስማማች። መኪናዋን እኛ ሳሎን አምጥታ እዚያው እየሰፋች ታየዋለች። ሰው ማለት እሷ ናት።

ቀን 14፣ እሑድ

የሚወደውን አገኘሁት። ቁም ሳጥኑ ሥር፣ የጫማ ካርቶን ውስጥ።

አባባ ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሯል። ተማሪዎቹ “ሁለት ፊደል” ይሉት ነበር፤ ፊት ለፊቱ አይደለም። ዘዴው ይህ ነው፦ አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላትን በጋራ በያዟቸው ሁለት ፊደላት ያቧድናቸዋል። ያለፈበትን የቀን መቁጠሪያ በመቀስ ቆርጦ ካርድ ያደርጋል፤ በአንድ በኩል ቃሉን በቀይ፣ በጀርባው ፍቺውን በሰማያዊ ይጽፋል። ከዚያ በላስቲክ ያስራቸዋል። “ቃል ብቻውን ይጠፋል፤ ከወንድሞቹ ጋር ከታሰረ አይጠፋም” ይል ነበር።

አርባ ሦስት እሽግ ቆጠርኩ። አንዱን ሳላየው እጄ አወቀው። በኬ እና በኤን የሚጀምሩት ናቸው። አሥራ ሁለት ካርዶች። ኒ፣ ጉልበት። ኒል፣ መንበርከክ። ኒት፣ ሹራብ መሥራት። ናይፍ፣ ቢላዋ። ኖት፣ ቋጠሮ። ኖብ፣ የበር እጀታ። ኖክ፣ ማንኳኳት። ኖው፣ ማወቅ። ናክ፣ ብልሃት። ኔቭ፣ ወስላታ። ናይት፣ ፈረሰኛ ጦረኛ። ኔል፣ የቀብር ደወል። ሳልገልጣቸው ነው የጻፍኳቸው። ኬው ይጻፋል እንጂ አይሰማም። “ጨዋ እንግዳ ነው፤ ይቀመጣል እንጂ አይናገርም” ሲል ክፍሉ ሁሉ ይስቅለት ነበር አሉ።

የቀሩትን አርባ ሁለት እሽጎች ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አወጣኋቸው። የሥዕል ሰሌዳውንም አብሬ። ብዙ ነገር አንድ ላይ ከሰጠሁት ይምታታበታል ብዬ ነው።

ይህ እሽግ ለምን እንደሆነ ዛሬ አልጽፍም።

ቀን 16፣ ማክሰኞ

ጀመርን። ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ ግማሽ ሰዓት።

በትራስ ደግፌ አስቀመጥኩትና እሽጉን ጭኑ ላይ አኖርኩለት። ላስቲኩ ሳይፈታ የትኛው እንደሆነ አወቀ። እሽጉን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ የወጥ ቤቱን በር አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከስትሮክ በኋላ ዓይን ያለ ምክንያት እንደሚያለቅስ ሐኪሟ ነግራኛለች።

“ኒ” አልኩት። “ጉልበት። ይበሉ።”

አፉን ከፈተ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

አሥራ ሁለቱንም አነበብኩለት። ድምፄ የአስተማሪ ድምፅ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ቀን 20፣ ቅዳሜ

አንድ ደንበኛ ለመሥሪያ ቤቱ ክብ ማኅተም ሊያዝዝ መጣ። ጎማው ላይ ፊደሎቹን ገልብጬ ስቀርጽ ቆሞ እያየኝ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ስነግረው ባርኔጣውን አወለቀ።

“የሁለት ፊደል ልጅ ነሽ? እኔ እኮ የሳቸው ሥራ ነኝ። ዛሬ የምበላው እንጀራ የሳቸው ካርድ ነው። አንበርክከውኝ ያውቃሉ፣ ገርፈውኝ ያውቃሉ፤ እግዜር ይስጣቸው።”

“እነግራቸዋለሁ” አልኩ። አልነገርኩትም። ሚሊሜትር ማስመሪያውን ማኅተሙ ላይ አስቀምጦ “ቃሉ ወደ ግራ አዘንብሏል” አለኝ። በአምስት ዓመት ውስጥ ያዘነበለብኝ የመጀመሪያው ነው።

ቀን 23፣ ማክሰኞ

ወንድሜ ደወለ። ካርዱን እየተማረ እንደሆነ ስነግረው ሳቁን ለቀቀው።

“ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ! በይ አታስጨንቂያቸው።”

“አንተን አንበርክከውህ አያውቁም?”

“እንዴት አያውቁም? ይኸው ሰው ሆንኩ።”

እሱ የሚንበረከከው በረንዳ ላይ ነበር፣ ከጓደኞቹ ጋር፣ እየተሳሳቁ። የእኔ የት እንደነበር አላስታወሰም። አልነገርኩትም።

ቀን 27፣ ቅዳሜ

አዲስ ደንብ። ሻይ ከቃል በኋላ። ድምፅ ካወጣ ይጠጣል፣ ካላወጣ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ፊቱ አስቀመጥኩት። እንፋሎቱን ሲያየው ቆየ።

“ቅጣት አይደለም፣ ሥርዓት ነው” አልኩት።

ይህን ስል አንገቱን ቀና አደረገ። የራሱ ንግግር ነው፤ ቃል በቃል። ሻዩን ደፋሁት። ውሃ ግን ሰጥቼዋለሁ። ውሃ አልከለከልኩም።

ቀን 33፣ ዓርብ

ዛሬ ልጻፈው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሦስት አስተማሪ ጓደኞቹ ለምሳ መጡ። “ልጄን እዩልኝ” ብሎ ጠራኝ። ኮርቶብኝ ነበር፤ ይህንን መካድ አልችልም፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ነው የጠራኝ። የመጀመሪያውን ካርድ ሰጠኝ። ደነገጥኩና ኬውን ጮክ አድርጌ አነበብኩት። እንግዶቹ ሳቁ፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም። እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ሳይጨርስ “ሂጂ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተንበርከኪ። አሥራ ሁለቱን ሳትሳሳቺ እስክትያቸው አትነሺም” አለኝ።

እዚያ ጋ ሲሚንቶው ተሰንጥቆ ጠርዝ አውጥቶ ነበር። አሁንም እንደዚያው ነው። እነሱ ምሳ በሉ። እኔ አሥራ አንደኛው ላይ እየደረስኩ ደጋግሜ ተሳሳትኩ። እናቴ ሳህን ይዛ ከወጥ ቤት ስትወጣና ስትገባ እግሬን ተሻግራኝ ሄደች። አንዴ ብቻ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ አየችኝ፤ ከዚያ በኋላ ሞታ እስክትቀበር ስለዚያ ቀን አንስታ አታውቅም። እንግዶቹ ሲሄዱ አንዱ አናቴን ዳበስ አደረገኝ። ሽንቴ አመለጠኝ። ከዚያ ወዲያ ቃላቱን ባውቃቸውም አፌ ተዘጋ። የመንገዱ መብራት በመስኮት ገብቶ ወለሉን ሲያበራው ነው “ተነሺ” ያለኝ። የቀኝ ጉልበቴ ደምቶ ነበር። “አየሽ? ከእንግዲህ አትረሺውም” አለኝ።

እውነቱን ነው። አልረሳሁትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ።

ሐኪሟ መጀመሪያ ምን እንዲልሽ ትፈልጊያለሽ ብላ ጠይቃኝ ነበር። “ስሜን” አልኳት። ውሸት ነው። በድዬሻለሁ እንዲለኝ ነው የምፈልገው። በአፉ። በአፉ ነው የላከኝ፣ በአፉ ይመልሰኝ። ሃምሳ ሰባት ቀን ቀርቶታል።

ቀን 38፣ ረቡዕ

“ን” አለ!

ጠዋት፣ ኖክ ላይ። አልጋውን በጣቴ አንኳኩቼ ካርዱን ሳሳየው ከንፈሩ ተንቀጠቀጠና “ን…” አለ። ሐኪሟ ጋ ደወልኩ። “ጎበዝ! የሚያሠራቸው ሰው ማግኘታቸው ነው” አለችኝ። ሻይ ሰጠሁት፣ ሁለት ስኳር። እጄን ሊይዘኝ ሞከረ፤ ሳህኑን ላነሳ ቸኩዬ ነበር።

ደረጃ ላይ ልብስ ሰፊዋ ለታችኛው ቤት ሴት ስትነግራት ሰማሁ። “እንዲህ ያለች ልጅ ይስጥሽ። ሥራዋን፣ ትዳሯን፣ ሁሉን ትታ።” የተውኩት ሥራም ትዳርም የለም። ቢሆንም ደስ አለኝ፤ ቆሜ ሰማሁት።

ቀን 45፣ ረቡዕ

ዛሬ እሱ ነው የጀመረው።

ገብቼ መጋረጃውን ስገልጥ ካርዶቹን ብርድ ልብሱ ላይ በትኗቸዋል። በግራ እጁ አንዱን አነሳና ወደ እኔ ዘረጋ። ኒል። መንበርከክ። ደረቱን ነካ። ካርዱን ነካ። ከዚያ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

እኔ። ተንበርከኪ። አንቺ።

በዚህ ሁኔታው እንኳ። ዳይፐር ተደርጎለት፣ ከእጄ እየጎረሰ። ካርዱን ከእጁ ነጥቄ ከእሽጉ ሥር ከተትኩት። ዳይፐሩን ልብስ ሰፊዋ አራት ሰዓት ላይ ስትመጣ ትቀይረዋለች ብዬ ወጣሁ። ሥራ ረፍዶብኝ ነበር።

አልረፈደብኝም። ሱቁ በር ላይ ሩብ ሰዓት ቆሜ ሚሊሜትርን ጠበቅኩት።

ቀን 46፣ ሐሙስ

ደገመው። ደረቱን፣ ካርዱን፣ እኔን። ዓይኑ ደግሞ የወጥ ቤቱ በር ላይ።

“ያ ጊዜ አለፈ” አልኩት። “አሁን አዛዧ እኔ ነኝ። ገባህ?”

ገባህ። አንተ አልኩት። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ጣሪያው አልተናደም። ቀስ ብሎ አንገቱን ነቀነቀ፤ ካርዱን ግን አላስቀመጠም።

ቀን 52፣ ረቡዕ

ዛሬ ሁለት ካርድ። ኖው እና ኒ። ማወቅ፣ ጉልበት። ጎን ለጎን ደረደራቸውና ወደ ቀኝ ጉልበቴ ጠቆመ። ጠባሳው ያለው እዚያ ነው። ረጅም ቀሚስ ነበር የለበስኩት፣ አይታይም።

ረስቶታል ብዬ ነበር። አልረሳም። የትኛው ጉልበት እንደሆነ ሁሉ ያውቃል። እንደሚያውቅ ሊነግረኝ፣ ሊኮራብኝ ነው። ለአንድ ሳምንት ስኳር የለም።

ቀን 58፣ ማክሰኞ

ሐኪሟ ቤት መጣች። እንደዚህ ንጹሕ ታማሚ አላየሁም አለች። ማታውን ነው አጥቤ የላጨሁት።

“የሥዕል ሰሌዳውስ?”

“ተቀደደ” አልኳት። እሱ አልጋው ላይ ሆኖ ሰማ። ወደ ቁም ሳጥኑ አናት እንዳያይ ፈርቼ ነበር፤ አላየም። እኔን ነው ያየው። አላጋለጠኝም። ለምን እንዳላጋለጠኝ አይገባኝም።

“ሌላ አመጣልሻለሁ” አለች። ከዚያ የግራ እግሩን አስነስታ አስቀመጠች። “ይሄ እግር ጠንክሯል። ከአልጋ ለመውረድ እየታገሉ ነው። የአልጋውን የጎን ብረት ሁልጊዜ ከፍ አድርጊው። ደግሞ ጠይቂያቸው፣ የት ለመሄድ እንደፈለጉ።”

በምን ይንገረኝ? አሥራ ሁለት ቃል ነው ያለው።

ቀን 60፣ ሐሙስ

ኒልን ከእሽጉ አወጣሁት። ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ቀን 66፣ ረቡዕ

ስድስት ቀን ሙሉ ይፈልገዋል። ካርዶቹን አንድ በአንድ ይዘረጋል፣ ይቆጥራል፣ አሥራ አንድ ላይ ይቆምና እንደገና ይጀምራል። ትራሱን አገላበጠ። ብርድ ልብሱን አራገፈ።

“ምን ጠፋህ?” አልኩት።

አየኝ። ከዚያ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች አጠፈና በአንጓቸው ብርድ ልብሱ ላይ አቆማቸው። አንድ ትንሽዬ ሰው በጉልበቱ የቆመ ይመስላል። ረጅም ጊዜ እንደዚያ ያዘው።

ጣቶቹን ለየብቻ ማጠፍ መቻሉ ጥሩ ምልክት ነው። ለሐኪሟ እነግራታለሁ።

ቀን 70፣ እሑድ

ወንድሜ ትናንት መጥቶ ዛሬ ተመለሰ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ካርዶቹን እንደ ካርታ በወዘ። “አባባ፣ አሁንም ያስተምራሉ? እኔንም እኮ አንበርክከውኛል፤ ይኸው ሰው ሆንኩ” አለው። አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ወንድሜ ከሳቅ ቆጠረው።

ትናንት ማታ በረንዳ ላይ ከሚስቱ ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። “በሷ እጅ ተረፉ እንጂ አለቀላቸው ነበር። ግን ታውቂያለሽ፣ ውሃ ሲጠማቸው እንኳ የሚያሳዩት ነገር የላቸውም።” ሲገባ “ካርዶቹን ነው የሚወዱት” አልኩት። ምንም ሳልጠየቅ ነው የመለስኩት።

ሲሄድ አቀፈኝ። “አንቺ ቅድስት ነሽ” አለኝ።

ቀን 75፣ ዓርብ

ምሳ ሰዓት ላይ ሳይታሰብ ቤት መጣሁና በሩ ላይ ቆምኩ። ልብስ ሰፊዋ የደንበኛዋን ወገብ እየለካች በአፏ መርፌ ይዛ ታወራለች። “እሷ ስትወጣ እግራቸውን ከአልጋው ያወርዳሉ። ወለሉን ይፈልጋሉ። በጉልበታቸው ለመቆም ነው የሚመስለው፣ ወደዚያ ወደ ወጥ ቤቱ በር። ምን ያድርጉ፣ አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል።”

ዝንቧ ማን እንደሆነች አልተናገረችም። ሳል ብዬ ገባሁ።

ቀን 79፣ ማክሰኞ

እንዳይወድቅ ግራ እጁን ከአልጋው ብረት ጋር በሻርፕ አሰርኩት። ለደህንነቱ ነው። ጣቶቹን ነጻ ትቼለታለሁ። ከእሽጉ አንድ ካርድ ስቦ አሳየኝ። ኖት። ቋጠሮ።

ቀልደኛ ሆኗል። ከቀልዱ ይልቅ ፊቱ ላይ ቁጣ አለመኖሩ አናደደኝ።

ልብስ ሰፊዋ ስትመጣ ቋጠሮውን አየችና “ይሄ የሰው አስተሳሰር አይደለም፣ የከብት ነው” አለችኝ። ፈታችው። ከዚያ ወዲያ ዓይኔን አላየችም።

ቀን 82፣ ዓርብ

ሁሉንም እጽፋለሁ። ለማንም አልናገረውምና።

ልብስ ሰፊዋ የሙሽራ ልብስ ልታስለካ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጥታለች። ጠዋት የጎኑን ብረት እኔ ነኝ ያላነሳሁት። ከልብስ ሰፊዋ የማክሰኞ ነገር በኋላ ጨካኝ እንዳልባል ብዬ ነው ወይም ረስቼ ነው። አላውቅም።

አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ በሩን ስከፍት አልጋው ባዶ ነው። ወጥ ቤቱ በር ላይ ነበር። በአንድ እጅና በአንድ እግር ሳሎኑን ተሻግሯል፤ ከአልጋው እስከዚያ ድረስ ወለሉ ላይ እርጥብ መስመር አለ። በሁለቱም ጉልበቱ ቆሟል። ትከሻውን ከበሩ ጉበን ጋር አስደግፎታል፣ ፊቱ ወደ ውጪው በር፣ ወደ እኔ። የተሰነጠቀው ሲሚንቶ ላይ። ልክ እዚያ።

ደረቱን ነካ። ወለሉን ነካ። እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

“በአፍህ በለው” አልኩት።

“ን” አለ።

“እሱ አይደለም። በለው።”

“ን… ን…” ምራቁ በአገጩ ወረደ። ላብ ግንባሩን አረጠበው። እጁ እንደተዘረጋ ነው። ዓይኑን ከዓይኔ አልነቀለም፤ እኔ ነኝ አንዳንዴ ወደ መስኮቱ የማየው። አንድ ጊዜ ልነሳ አልኩ። እናቴ ሳህን ይዛ እንዴት እንዳለፈችኝ ታወሰኝና ተቀመጥኩ። እስኪለው ድረስ ነው ብዬ ነበር፤ ትንሽ ደቂቃ። ከዚያ ወለሉ በራ። የመንገዱ መብራት ነው።

“ተነስ” አልኩት።

ሳልይዘው በጎኑ ወደቀ።

ልብስ ሰፊዋ ጩኸቴን ሰምታ መጣች። “መቼ ወደቁ?” አለችኝ።

“አሁን ነው የገባሁት” አልኳት።

ቀን 84፣ እሑድ

ሆስፒታል፣ ኮሪደር። ሁለተኛ ስትሮክ። ግራ እጁም ሄደ። ድምፅ የለም። ዓይኑ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሐኪሙ ወለሉ ላይ ስንት ሰዓት ቆዩ ብሎ ጠየቀ። አላውቅም አልኩ። ወንድሜ መንገድ ላይ ነው።

ሁለቱም ጉልበቱ ተልጧል። ነርሷ በፋሻ ስትጠቀልለው አየሁ። የቀኙ ቁስል የእኔ ጠባሳ ያለበት ቦታ ነው።

ቀን 88፣ ሐሙስ

ቤት አመጣነው። ሚሊሜትር ሳምንቱን አትምጪ አለኝ። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ወሰደች፤ የቤታችንን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ትታልኛለች። ወንድሜ ለምን ሄደች ብሎ ጠየቀኝ። ሥራ በዝቶባት ነው አልኩት።

ቀን 90፣ ቅዳሜ

ዘጠናው ዛሬ ሞላ። ሐኪሟ ደውላ “አሁን ምቾታቸውን ብቻ ጠብቂ” አለችኝ። አዲሱን የሥዕል ሰሌዳ በሰው ልካለች። አሮጌውንም ከቁም ሳጥኑ አናት አወረድኩት። አርባ ሁለቱንም እሽጎች አወረድኩ። ሁሉንም አልጋው ላይ፣ ጎኑ ላይ ደረደርኩለት። ዛሬ ቃል ሞልቷል፤ የሚያነሳበት እጅ ነው የሌለው።

ወንድሜ ለመንገድ ሲዘጋጅ “የመጨረሻ የተናገሩት ነገር ምን ነበር?” አለኝ። “ምንም አልተናገረም” አልኩት። አባባ ይሰማል። ዓይኑን ወደ ወንድሜ አላዞረም። ዛሬም አላጋለጠኝም።

ብቻችንን ስንሆን አሥራ አንዱን ካርዶች አነበብኩለት፣ በቀስታ። ከዚያ ቦርሳዬን ከፍቼ አሥራ ሁለተኛውን አወጣሁ። መዳፉ ውስጥ አኖርኩት። ተንሸራቶ ወደቀ። እንደገና አኖርኩት፤ እንደገና ወደቀ።

“አባባ፣ ያስታውሳሉ?” አልኩት። እርስዎ ማለቱ ራሱ መጣ።

አየኝ። እኔም የምለው ነገር ነበረኝ፤ እሱ ሊለኝ ሲታገል የከረመውን ያንኑ ነገር። አፌን ከፈትኩ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ከዚያ እሱ ዓይኑን ጨፈነ። መሽቶ እስክነሳ አልገለጠውም፣ እንቅልፍ ግን አልወሰደውም።

ካርዶቹን በላስቲክ አስሬ ካርቶኑ ውስጥ መለስኳቸው። አሁን አሥራ ሁለት ናቸው።

ከዚህ በላይ ያለውን አንብቤዋለሁ። ቀን 45 ላይ የጻፍኩት ውሸት ነው። ደረቱን ሲነካ፣ ካርዱን ሲነካ፣ ወደ እኔ ሲጠቁም፣ ያኔውኑ ገብቶኝ ነበር።